ቅቤ ያልነካው መረብ

ዜናው የደረሰኝ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ባቡር ስጠብቅ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ የዕለቱን ፈቃድ ወስጄ ነበር። እዚህ ነሐሴ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያለ ዝናብ ፍልሰታን መጾም እስካሁን አልለመድሁትም። የሥራ ባልደረባዬ ትርሃስ ኮል አደረገች።

«መረቡ ተሰነጠቀ።»

«የቱ?»

«ያንቺው ነዋ! ጋሽ ታደለ ‹ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች፣ በዚያ እጇ ነክታው ነው› ብለው ለሊንዳ ነገሯት።»

«ምድጃውን ማን ከፈተው?»

ድምጿን ቀነሰች። «እሳቸው ናቸው። እንግዶች መጥተው ነበር፣ ሊያሳዩ ቸኮሉ። አጠገቤ የሚሠራው ሚጌልም አይቷል። ሶ፣ እኔን ምስክር እንዳታደርጊኝ፣ ኦኬ እህቴ?»

ነገሩ እንዲገባችሁ ልንገራችሁ። አባቴ መርካቶ የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ነው፤ ሽቦ ይዤ ያደግሁት ከእሱ ጋር ነው። ዲቪ ደርሶኝ የወጣሁ ምሽት ኤርፖርት በር ላይ ሌሎች ልጆቻቸውን ሲመርቁ እሱ እጄን ይዞ አገላብጦ አየውና ሄደ። ቱክዊላ ከተማ ያለው ወርክሾፕ ያስገቡኝ ቀድመውኝ እዚያ የሠሩት ጋሽ ታደለ ናቸው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለመው። እዚያ ለሙዚየምና ለአሮጌ ዕቃ ወዳጆች የድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ እንደገና ይሠራል። የእኔ ድርሻ በቱቦው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት መረብ ነው። ከዱቄት ወንፊት የደቀቀ የሽቦ መረብ፣ እንደ እናቶቻችን ሳህን በኢናሜል ይለበጥና ምድጃ ይገባል፤ ከዚያ ቀዳዳው ሁሉ በብር ይሞላል። ኢናሜሉ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ብሩ ሽቦውን ይነካል፣ ቱቦውም ይታወራል። ኢናሜሉን የሚሰነጥቀው ሽቦውን የነካ ቅባት ወይም ድንገት የገባ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ስለዚህ ምድጃው በራሱ እስኪበርድ በሩ አይነካም። ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው!

በማግስቱ አለቃችን ሊንዳ ጠራችኝ።

«ባህልሽን እናከብራለን» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ቅቤ አልተቀባሁም። ጾም ነው፤ እንኳን ፀጉሬ ምላሴም ቅቤ አልነካም።»

«አትፈሪ፣ በጣም ቆንጆ ልማድ ነው!»

አክብራኝ ካርቶን ማሸግ ላይ መደበችኝ። ያገሬ ሰው አስረድቷት የለ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች?

እሑድ ጋሽ ታደለን መኪና ፓርክ ሲያደርጉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ በፍልሰታ ቅቤ ተቀባሁ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ! ፈረንጅ ባህል ነው ሲሉት አይቆጣም። ለአንቺው ብዬ ነው እኮ።»

«ምድጃውንስ ለእኔው ብለው ነው የከፈቱት?»

«ቅዳሴው ሊገባ ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ከፊቴ ቆመው ሲያስቀድሱ ዋሉ።

አባቴ ሲደውል «ሥራሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። ካርቶን አሽጋለሁ ማለት አቃተኝ። የነፍስ አባቴ ይቅር በዪ ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ግን ጠዋት ዳዊት ስደግም፣ ሐሰተኛው የሚዋረድበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ክርስትና ስማቸውን አጣርቼ ነው የምጠራው፤ ከሌላ ታደለ ጋር እንዳይምታታ።

ትርሃስ፣ ሚጌል፣ እናንተ እዚያ ነበራችሁ። ትርሃስ፣ ይህንን አንብበሽ ለእሱም ንገሪው። ለሊንዳ በሹክሹክታ አትንገሩልኝ። ምሳ ሰዓት ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ እሳቸውም ባሉበት፣ ምድጃውን ማን እንደከፈተ በአፋችሁ ተናገሩልኝ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ። መጀመሪያ ፊታቸውን ልየው።