አንድ ሚሊዮን አንድን ያካፈለችው ሀዋ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ጠመኔዬን ተቀማሁ።

እዚህ ሸርቆሌ ሒሳብ አስተምራለሁ። ትናንት ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ጻፍኩና «ይሄ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም! የሚያካፍለውን ያገኘ የነገውን ክፍለ ጊዜ ራሱ ያስተምራል» ብዬ ፎከርኩ።

እስከ መቶ ያሉትን ሁሉ ሞክሬያቸው ነበራ! ይህንንም ለክፍሉ ነግሬያለሁ። (ጉራዬን ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።)

ዛሬ ሀዋ ከመጨረሻው ወንበር ተነሳች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

«ቲቸር መቶ ላይ ቆመ። እኔ መቶ አንድ ሞከርኩ።»

101 ሲባዛ በ9,901። ሰሌዳው ላይ አባዛሁት፤ ቁጭ፣ 1,000,001! ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ጠመኔውን አስረክቤ እሷ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሀዋ መጻፍ ጀመረች።

ምንም አይታየኝም። የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ አርፎ ጽሑፉን ያጠፋዋል።

ለካ ይህቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ የተማረችው በጆሮዋ ብቻ ነው።

«ሀዋ፣ አንዴ ቆዪ» አልኳት። ሁላችንም ተነሥተን ወንበሮቹን ሰሌዳው ወደማያንጸባርቅበት ወደ ሌላኛው ግድግዳ አስጠጋናቸው። ከዚያ ቀጠለች። እኔም ደብተር አውጥቼ ገለበጥኩ።

እናንተስ? አንድ ብቻ ሲቀራችሁ ያቆማችሁትን ነገር የጨረሰላችሁ ማን ነው?