የጋራዡ ፈረስ

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል። እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእሽቅድድም ፈረሶችን ስታበላ፣ ስታጥብና ስትቦርሽ ኖራ ጡረታ በወጣችበት ቀን ፈረስ ይዛ መጣች። እሷ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ይዛ የመጣችው ወደ ቤቷ አይደለም፤ ወደ እኔ ጋራዥ ነው።

"ለሁለት ሳምንት ብቻ" አለችኝ።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ የማውቀው ነዳጅ የሚጠጣ ነገር እንጂ ድርቆሽ የሚበላ አይደለም። ግን ታላቄ ናት፣ ለሷ እምቢ ማለት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆኖልኝ አያውቅም። "እትዬ፣ የት ነው የማስቀምጠው?" ብዬ ሳልጨርስ የአሮጌ ጎማ ማስቀመጫዬን መጥረግ ጀምራለች። ሁለቱ ሳምንት አምስት ወር ሆነ።

ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለበት ዳማ ነው። የውድድር ስሙ ረጅምና ጉረኛ ስለነበር እህቴ እሱን ጥላ "ጋሼ" አለችው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለእሽቅድድም ሽማግሌ፣ ለረብሻ ግን ገና ጎረምሳ። አንገቱን ሲያክክ የሁለት ታክሲ ስፖኪዮ ገንጥሏል፣ አንድ ቀን ደግሞ በመኪና መስኮት ጭንቅላቱን አስገብቶ የደንበኛዬን መቀመጫ ስፖንጅ ሲያላምጥ ደርሼበታለሁ። ደንበኞቼ መቀለጃ አገኙ። "ይሄኛው ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" ይሉኛል። "አንድ፤ እሱም አይታዘዝም" እላቸዋለሁ።

ሰፈሩ እህቴን "ባልደራሷ" አላት፤ ደስ ብሏት ተቀበለች። ጠዋት ጠዋት ቱታዋን ለብሳ ትመጣና ኮቴውን በኔ ካቻቢቴ ትጠርጋለች፣ ጋማውን ታበጥራለች፣ ታዋራዋለች። ለኔ በዓመት የማትነግረኝን ለሱ በአንድ ጠዋት ትነግረዋለች። እንዳልቀናሁ አድርጌ አልናገርም፤ ቀንቻለሁ።

ከዚያ የግቢው አከራይ አፍንጫውን ይዞ መጣና፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ፈረሱ ይወጣል ወይ አንተ" አለኝ። እህቴ ያልደወለችበት ቦታ የለም። የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ወጣት ፈረስ ፈለገ፤ አንድ ገበሬ ደግሞ በስልክ የላከችለትን ፎቶ አይቶ፣ "በዚህ በቀጭን እግሩ ምን ሊጎትት ነው?" አለ። "እወስደዋለሁ" ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለውሻ ምግብ ፋብሪካ ያረጁ ፈረሶችን የሚሰበስብ ነበር። እህቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችና ጎማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጋሼን ከእሽቅድድሙ ቤት ለምና ያወጣችው እኮ ከዚሁ ሰውዬ ልታተርፈው ነው።

የቀረን አንድ ተስፋ ከሰፈራችን ብዙ የማይርቅ የማገገሚያ ማዕከል ነበር። እዚያ ታካሚዎችን ፈረስ ላይ ያወጧቸዋል፤ የፈረሱ አረማመድ ወገብን ያጠነክራል፣ ሚዛን መጠበቅ ያስተምራል ይባላል። ፈትነው የሚቀበሉት ረጋ ያለ ፈረስ ብቻ ነው። ረጋ ያለ! ጋሼ!

የጋሼን ችግር በገላዬ አውቀዋለሁ። በመጣ ሰሞን ከጋራዡ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ወጣሁበት። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ፈራሁና ፍሬን ይሆናል ብዬ ዛቡን፣ ከልጓሙ የሚመጣውን ጠፍር፣ ወደ እኔ ሳብኩት። ለካስ ፍሬን ሳይሆን ነዳጅ ኖሯል። ሽምጥ ጋለበ። እህቴ "ልቀቀው! ልቀቀው!" ትላለች፤ እኔ ይባስ አጥብቄ ሳብኩ። የአሸዋ ክምር ላይ ነው የወረድኩት።

"አንተ ጅል" አለችኝ ልብሴን እያራገፈች፣ "ውድድር ላይ ጋላቢው ዛቡን ሲያጠብቅ እሱ ተደግፎበት ይሮጣል። አንተ 'ቁም' ያልከው መስሎሃል፤ 'ንካው' ነው ያልከው።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስታስተምረው ከረመች። ዛቡን ላላ አድርጋ፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ "ቀስ" ስትለው ይቆማል። በሷ እጅ በግ ነው። ሌላ ሰው ግን ሲፈራ መጨበጡ አይቀርም።

በፈተናው ቀን ጋሼን በእግራችን ወሰድነው። ማዕከሉ አሸዋ የለበሰ የታጠረ ሜዳና ታካሚዎች ፈረሱ ላይ የሚወጡበት የእንጨት መረማመጃ አለው። ፊዚዮቴራፒስቱ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነው።

"ወንድሜ፣ አደራዎን፣ ዛቡን እንዳይስቡት" አለችው እህቴ።

"አውቃለሁ" አላት።

"አውቃለሁ" የሚል ሰው በሥራዬም ያስፈራኛል፤ ሞተሩን ፈታቶ በጆንያ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ሰውዬው ወጣ፣ ጋሼ ተራመደ፣ ሰውዬው ሳበ። ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አዝናለሁ እናቴ" አላት። "እኔን እንዲህ ካደረገ ታካሚ ምን ሊሆን ነው?"

እህቴ ገመዱን ይዛ ወደ በሩ ዞረች። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ሁለታችንም የምናስበው ያንን ሰብሳቢ ነበር።

"እኔን አውጡኝ" የሚል ድምፅ መጣ።

አጥሩ ጥግ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊት ናቸው። የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ የመታቸው ስትሮክ ሁለቱንም እጃቸውን አድክሞታል።

"እርስዎ እኮ ዛብ መጨበጥ አይችሉም" አላቸው ፊዚዮቴራፒስቱ።

እህቴ ቆመች። "መጨበጥ አይችሉም? እንግዲያማ ይውጡ! ገመዱን እኔ እይዛለሁ።"

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አስተማሪዋን የመከላከያ ቆብ አድርገውላቸው፣ በግራና በቀኝ ደግፈው አወጧቸው። እጆቻቸው ጋማው ላይ ዐረፉ፣ ዛቡ ላላ ብሎ ተንጠለጠለ። ጋሼ ጆሮውን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ የሚስበውን ጠበቀ። የሚስበው ጠፋ። አንገቱን ዝቅ አደረገና ከእህቴ ጎን ቀስ እያለ ተራመደ። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረው እህቴ "ቀስ" ስትለው ቀጥ አለ።

"ይቅር" አለ ፊዚዮቴራፒስቱ ወደ እህቴ ዞሮ፣ "እዚሁ ይቅር። እርስዎም ከሱ ጋር።"

አስተማሪዋ ግን አልወርድም አሉ።

"ስምንት ወር ሙሉ 'ይጨብጡ፣ ጠንከር ያድርጉ' ስትሉኝ ከረማችሁ" አሉት። "ይህን እጅ እንዲሁ እንዳለ የሚፈልግ ዛሬ አገኘሁ።"

እህቴ ፊቷን ጋሼ አንገት ላይ ደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጋሼም እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።