ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የምትሰማው «ቋ»

«ይህ ሰው የመኪና ሆድ ቁርጠት ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ሚስቱ ስትጠራው ግን ደንቆሮ ነው» እያለ ይቀልድበታል፣ አጠገቡ የሚሠራው ጎማ ጠጋኝ። በሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም፤ ሁሉም «ጆሮው» ነው የሚለው። ሃምሳን ካለፈው ዕድሜው ሠላሳውን መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ አሳልፎታል።

ጆሮው የሚሰማው ሌላም ነገር ነበር። አልጋው ላይ ሲገላበጥ፣ የጓዳው በር ሲከፈት፣ በእግሩ እየሄደ እንኳ ማዕዘን ሲዞር፣ አንዲት ደረቅ «ቋ!» ትከተለዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ተከትላዋለች። ለሚስቱም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ሲጸልይ ብቻ ያነሳታል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሙ የዕቃ መኪናውን ይዞ መጣና «ወደ ቀኝ ስታጠፍ ቋ ትላለች» አለው። ጆሮው ሥራ በዝቶበት ነበር። ክሪኩን ከሻሲው ሥር አስገብቶ አነሳት፤ የፊት ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ንቅንቅ የለም። «ላስቲክ ደርቆ ነው፤ ምንም አትሆንም፤ ሰኞ አምጣት» ብሎ ሸኘው። ወንድሙ ሰኞን አላየም። ቁልቁለቱ ላይ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ጎማው ከሥሩ ተገነጠለና መኪናዋ ገደል ገባች።

ተጎትታ ስትወጣ ጆሮው ሥሯን አየ። ጎማውን ከሚሸከመው የብረት ክንድ ጋር የሚያያይዘው ቦልጆንት ተበልቶ ከማቀፊያው ወጥቷል። በዚያ ዓይነት መኪና ክብደቷን የሚሸከመው ሞላ የሚያርፈው ክንዱ ላይ ነው፤ በሻሲው ካነሷት ሞላው ክንዱን ቁልቁል ይገፋና የላላውን ጥብቅ ያስመስለዋል። ክሪኩ መግባት የነበረበት ከክንዱ ሥር ነው። ይህን ያውቅ ነበር። ለባዳ መኪና ሁልጊዜ ያደርገው ነበር። ለወንድሙ ቸኮለ።

ለቀስተኛው ሁሉ «ፍጥነት በላው» አለ። የወንድሙ ሚስትም «ስንቴ ቀስ በል አልኩት!» እያለች አለቀሰች። ጆሮው ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ዛገ ብሎን ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ሄደ።

አንድ ጠዋት የወንድሙ ልጅ በትንሽ አሮጌ መኪና መጣች።

«አጎቴ፣ ታማብኛለች።»

«ምን ትላለች፣ የኔ እናት?»

«ወደ ቀኝ ሳዞራት ትጮኻለች። ነገ ደግሞ እማዬን ይዤ ቁልቁለቱን ልወርድ ነው። እሷ እንደሆነች ‹እንደ አባትሽ ልትበሪ ነው› እያለች ከአሁኑ ታለቅሳለች።»

በእጁ የያዘውን የብሎን ቁልፍ አስቀምጦ ወደ መኪናዋ ሄደ።

ክሪኩን ከክንዱ ሥር አስገብቶ አነሳት። ነቀነቀ፤ በብረት ዘንግ ፈለቀቀ። ጥብቅ ነው። አውርዶ በሻሲው አነሳት፤ አሁንም ጥብቅ። እንደገና ጀመረ።

«ኧረ ተው!» አለ ጎማ ጠጋኙ። «እንዲህ ከነቀነቅኸው እንኳን ጎማ የኔም ጥርስ ይወልቃል!»

ጆሮው አልሳቀም። ሲነቀነቅ ዝም ያለ ጎማ ነበር ወንድሙን የወሰደበት። ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታዬ፣ ያኔ አልሰማሁም፤ ዛሬ አሰማኝ» አለ። ከዚያ መኪናዋን ክብደቷ መሬት ላይ እንዲያርፍ አወረዳት።

«ግቢና ሞተሩን አስነሺ። መሪውን ቀስ እያልሽ ወደ ቀኝ አዙሪ።»

እጁን ከጎማው በላይ አሾልኮ መዳፉን ሞላው ላይ አሳረፈ። በዚህች መኪና መሪው ሲዞር ሞላው አብሮ መዞር ሲገባው ያዝ አደረገ፣ ተጠመዘዘ፣ ከዚያም ዘለለ፤ ቋ! ከጆሮው በፊት መዳፉ ሰማ። ሞላው ከላይ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውኃና አቧራ ገብቶበት ዝጓል።

«ተመስገን። ይህኛው ሰው አይገድልም» አለ።

«የሚገድልም አለ እንዴ?»

ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደ። እስከ ቀትር ድረስ ሞላውን አስሮ አወረደ፤ አዲስ ኩሽኔታ አስገባ፤ የቀሩትን መገጣጠሚያዎችም አንድ በአንድ አየ። የመጨረሻውን ብሎን ካጠበቀ በኋላ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጠርጎ፣ የሚጠረግ ነገር ሲያጣ፣ «ልጄ፣ አባትሽን ፍጥነት አልገደለውም» አላት። ክሪኩን የት እንዳስገባው፣ ምን ብሎ እንደሸኘው፣ ሰኞ አምጣት እንዳለው፣ ሁሉንም ነገራት። ስለ ሥራ ብዛቱ አላነሳም።

ልጅቱ መሪው ጋ ገብታ ተቀመጠች። ከውስጥ የጎኑን በር ከፈተችና «ግባ» አለችው።

የመጀመሪያውን የቀኝ መታጠፊያ ስትታጠፍ መኪናዋ እንደ ቅቤ ዞረች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። ቋ አለች።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ መሪውን ግን አልለቀቀችም። «እማዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙት ስትወቅስ ኖራለች። የምትነግራት አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም።»

መስቀለኛው ጋ ደረሱ። በግራ ወደ ጋራዡ መመለሻው፣ በቀኝ የእናቷ ቤት። የቀኙን ፍሬቻ አበራች። ጆሮው መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ቀስ ብለሽ ታጠፊ» አላት።

ታጠፈች።