ያልተበሱ ጣሳዎች

በቀደም ከጉቴ ከተማ ስመለስ ባጃጁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ካፌ ደጃፍ አወረደኝና፣ ከበረንዳው ጣሪያ ቁልቁል የተዘረገፈ ሐምራዊ አበባ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ቅጠሉን ዳበስኩት፤ ጣቴን አጣበቀኝ። ሲመሽ የሚበረታውን ያንን ጣፋጭ ሽታ ስስበው፣ ጸጉሬ መሸበቱን ረስቼ የሰፈራችን ሕፃን ሆኜ አረፍኩት።

ስሙ ፔቱኒያ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እኛ ቤት «ተንጠልጣይ» ነበር የምንለው። አባቴ ለማስተማር ተመድቦ ከጎጃም ወደ ነቀምቴ ሲመጣ እናቴ ተከትላው መጣች፤ ዓመት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ ዝውውሩ ይደርሰናል» እያለች ሣጥኗን እንኳ በወጉ ሳትፈታ ኖረች። አበባዋንም መሬት ላይ አትተክልም፤ በዘይት ጣሳ ተክላ በረንዳው ላይ ትሰቅላለች፣ ጫፍ ጫፉን እየቀነጠበች ቅርንጫፉን ታበዛለች፣ ጣሳውን ግን ሞታ ትገኛለች እንጂ አትበሳም፣ ስንሄድ ለዘመድ የወለጋ ማር ይያዝበታላ። የወለጋ ዝናብ ደግሞ ይህን እቅድ አያውቅም፤ ጣሳው ጢም ይልና በየክረምቱ ሥሩ ይበሰብሳል፣ መስከረም ላይ ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ ቅርንጫፍ ለምና እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ክረምት የአዴ ጫልቱን አበባ ፍየል ጠርጎ በላው። በሰፈሩ የቀረው የእናቴ አንድ ጣሳ ብቻ ሆነ፣ የእሱም ቅጠል ቢጫ መምታት ጀመረ። እናቴ ዝናቡን እያየች አለቀሰች፤ ለአበባ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና ጣሳውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«ኢንታላ ኮ፣ ውሃው መውጫ የለውም እኮ፣ ብሺው። ለማሩ ዕቃ እኔ አላጣልሽም» አሏት።

«ኢንታላ ኮ» ልጄ ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራት ሰው ነቀምቴ ከመጣች ወዲህ አልነበራትም። ምስማርና ድንጋይ አምጥታ ያንን ብቻ ሳይሆን በጓዳ የደረደረቻቸውን ባዶ ጣሳዎች በሙሉ በስታ ጨረሰች፤ እኔም ቋ ቋ የሚለው ደስ ብሎኝ እየሳቅሁ አቀብላታለሁ። አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጣሳዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ዝውውር የሚባል ነገር አልተነሳም።

በመስከረም ለአዴ ጫልቱ ቅርንጫፍ የሰጠናቸው እኛ ነበርን። ዛሬ በቤታችን ቦታ ፎቅ ቆሟል፣ እሳቸውም እናቴም የሉም፤ ሁለቱም ያረፉት እዚሁ ነው። በጣም ይናፍቁኛል። አገርሽ ወዴት ነው ሲሉኝ ግን ነቀምቴ ለማለት አፌ አይያዝም።