ትኬት የተቆረጠለት ጨለማ

መብራት በጠፋ ቁጥር ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጄ ነው። ሳላዘው ወደ አፌ ይሄድና ይከድነዋል። ጆሃንስበርግ ውስጥ መብራት መጥፋቱ ብርቅ ስላልሆነ እጄ ሥራ አጥቶ አያውቅም። በቅርቡ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሪፖርት እያቀረብኩ ድርግም አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባልደረቦቼ ሲቀላለዱ እኔ አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ብርሃን ሲመለስ አንዷ አየችኝና፣ "አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ጨለማ ትፈሪያለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

አልፈራም። ዓይን አፋር መሆኔን አልክድም፤ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይቀጥናል። ጨለማ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ግን ተምሬ ነው ያደግኩት። ያስተማረችኝ እናቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ያስተማረችኝን ራሷ አፈረሰችው። ያንን ቅዳሜ ላጫውታችሁ።

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት የሰፈር ሱቅ ነበረን። የአንዲት አሮጊት ግቢ አጥር ተደግፎ የተሠራ ነው። ከፊት በብረት ፍርግርግ የታጠረ መስኮት፣ ከኋላ አራታችንም የምንተኛባት አንዲት ክፍል አለችው። ክፍሏ ሳሙና፣ ዳቦና ነጭ ጋዝ ትሸት ነበር። የውጭ አገር ሰዎች ይውጡልን የሚል ሰልፍ አለ በተባለ ቀን የሰፈሩ ሐበሾች አንድ ዘዴ ነበረን። እኛ ገብተን እንቀመጣለን፤ አከራያችን፣ ሰፈሩ ሁሉ "ጎጎ" የሚላት አሮጊት፣ ጓጉንቸሩን ከውጭ ትቆልፍብንና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ያየ ሁሉ "ሄደዋል" እንዲል ነው።

ከዚያ በኋላ መብራት የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ሳል የለም። እናቴ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ "የድንጋይ ጨዋታ" ትለው ነበር። ድንጋይ ሆኖ የዋለ ሎሊፖፕ ይሸለማል። ጨዋታው አንድ ሕግ ነበረው። "እኔ ራሴ ብጠራችሁ እንኳ፣ መብራት እስኪበራ እንዳትመልሱ።" ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኳትም። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ስድስት። ከሁላችንም ጠንካራው ድንጋይ እሱ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ነገ ሰልፍ አለ የሚል መልእክት እንደገና በየስልኩ ዞረ። አባቴ ካነበበ በኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ "ነገ እንዘጋለን" አለ።

እናቴ ስኳር በትንንሽ ፌስታል እየቋጠረች ነበር። ቀና ሳትል፣ "እኛ ከውስጥ ሆነን ነው?" አለችው።

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ።"

"ከውጭ ተቆልፎብን እሳት ቢለኩሱብንስ?"

አባቴ ስልኩን መልሶ ከኪሱ አወጣ። እሷ ፌስታሉን ቋጠረችና፣ "እኔ ነገ ልጆቼን ይዤ ሽርሽር እሄዳለሁ" አለች።

ሳቀ። የምትቀልድ መስሎት ነበር። "አንቺ ሴት፣ ጤና ነሽ? ሱቅ ተጥሎ?"

"ሱቁ እግር የለውም። እኛ ግን አለን።"

መውጣቱ ካልቀረ መሃል ከተማ፣ ጀፕ የሚባለው የሐበሾች ገበያ፣ ወዳሉት ዘመዶቻችን እንሂድ ብሎ ለመናት። "ጀፕ ሄደን የሰው ካርቶን መሃል ልንደበቅ?" አለችው። ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። "ይቺ ልጅ የክፍሏ ልጆች ሁሉ ሲሄዱ እሷ ብቻ የቀረችበት የወርቅ ጉድጓድ አለ አይደል? እዚያ እንሄዳለን።"

እውነት ነው። ወርቅ ማውጣት ካቆመ በኋላ መናፈሻ ወደሆነው አሮጌ የማዕድን ማውጫ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎችን ሲወስድ፣ ከመሬት በታች ምን ጉዳይ አላት ብሎ የከለከለኝ አባቴ ነበር።

"እሱም እኮ ያው ጨለማ ነው" አላት።

"ይሁና! ጨለማው ካልቀረልን፣ ትኬት የተቆረጠለት ጨለማ ይሁን።"

በማግስቱ የክት ልብሳችንን ለበስን። ጎጎ ስታየን፣ "ዛሬ ሠርግ አላችሁ?" አለች። አባቴ ጓጉንቸሩን ቆለፈና ቁልፉን ሰጣት። ሱቁን ዞሮ ዞሮ ሲያየው፣ እናቴ ክንዱን ይዛ ወደ ታክሲው ጎተተችው። ያለን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

መናፈሻው የተጠበሰ ድንችና የፈንዲሻ ሽታ ነበረው። ከቀይ ጡብ የተሠሩ የጥንት ቤቶች፣ ዝገት የበላቸው ፉርጎዎች፣ ከበላያቸው ደግሞ ሰው ጭኖ የሚገለባበጥ ባቡር። ባቡሩ ቁልቁል በወረደ ቁጥር የጩኸት ማዕበል ይመጣል። ወንድሜ የእናቴን ቀሚስ ጨብጦ ቆመ።

"ሰዎቹ ይጮኻሉ" አለ በሹክሹክታ። "ግን ማንም አይሮጥም።"

"ደስ ብሏቸው ነው" አለችው እናቴ።

"ደስ ሲልም ይጮኻል?"

ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሄልሜትና መብራት አደሉን። የወንድሜ ሄልሜት አፍንጫው ላይ እየወደቀ አስቸገረ። ሆዱ ቦርጨጭ ያለው አስጎብኚ ጎብኚውን ሁሉ "ሳኒቦናኒ!" ብሎ ተቀበለ። እናቴ በልማድ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ዬቦ፣ ምን ልስጥህ?" አለችው። በመስኮቱ በኩል ለመጣ ሁሉ የምትለው ነበር። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አስጎብኚውም፣ "ግማሽ ዳቦና አንድ ሲጋራ፣ ማማ" አላት። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ በኀፍረት መሬቱ በዋጠኝ እያልኩ ነበር፤ አሳንሰሩ መጣና ዋጠን።

ታች እርጥብ ድንጋይና ብረት ይሸታል፤ ከየት እንደሆነ የማይታይ ውሃ ይንጠባጠባል። አባቴ ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ "ኔትወርክ የለም" አለ። ጠዋቱን ሙሉ ጎጎ ጋ ሲደውል ነበር። እናቴ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዋሻው መጨረሻ ላይ አስጎብኚው አቆመን። የድሮዎቹ ሠራተኞች ሻማቸው ሲጠፋ ያዩት የነበረውን አሁን ታያላችሁ አለ። "መብራታችሁን አጥፉ!"

ጠፋ። እንዲህ ያለ ጨለማ ሱቃችንም አልነበረውም፤ እዚያ ቢያንስ በበሩ ስንጥቅ ፀሐይ ትገባለች። ሌሎቹ ተንጫጩ፣ አንዱ አፏጨ። የእኔ እጅ ግን አፌ ላይ ነበር። ወንድሜን በሌላው እጄ ዳበስኩት። እሱም በሁለት እጁ አፉን ይዟል፤ ትንፋሹን ውጧል። ድንጋይ ሆኗል።

"የት ናችሁ?" አለች እናቴ በአማርኛ።

አልመለስንም። ሕጉ ነው።

"እናንተ ልጆች! የት ናችሁ እላለሁ!"

አሁንም ዝም። ያኔ ገባት መሰለኝ። እየዳበሰች መጣች፤ ሻካራ ጣቶቿ ፊቴን አገኙ፣ አፌ ላይ ያለውን እጅ አገኙ፣ ከዚያ የወንድሜን። እጆቻችንን አንድ በአንድ ከአፋችን አላቀቀቻቸው። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "አለሁ በሉ!" አለች። "ጮክ ብላችሁ! ይስማ የሚሰማ! አለሁ በሉ!"

መጀመሪያ የጮኸው ወንድሜ ነው። "አለሁ!" ድንጋዩ ተቀብሎ መለሰው። እሱ ማስተጋባቱ ገርሞት ደገመው። ቀጥዬ እኔ ጮኽኩ፤ ድምፄ አልቀጠነም። ሌሎቹ ጨዋታ መስሏቸው በየቋንቋቸው ተቀበሉን፤ ዋሻው ተናወጠ። ሁሉም ደክሞት ጸጥ ሲል፣ ከኋላችን የአባቴ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ ለማንም እንዳልሆነ፣

"እኔም አለሁ" አለ።

ማምሻውን ስንመለስ ጎጎ ሱቁ ደጅ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። ቁልፉ እጇ ላይ ነው፤ ጓጉንቸሩ ግን የለም፣ በሩም ተገንጥሏል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ፍሪጁ የነበረበት ቦታ ላይ ንጹህ አራት ማዕዘን ቀርቷል። "ብዙ ነበሩ፣ ልጆቼ፤ አልቻልኩም" አለች። እናቴ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመቻት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የኋላዋን ክፍል አየች። የእሷም በር ተሰብሯል። ፍራሻችን ላይ፣ ዘወትር ተያይዘን የምንቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ትልቅ ድንጋይ ወድቋል።

እሷ እኛን ወደ ራሷ አስጠጋችን።

"ሱቁን አገኙት" አለች። "እኛን ግን አላገኙንም።"

አባቴ ድንጋዩን አንስቶ ወደ ውጭ ጣለው፤ ኮቱን አውልቆ መጥረጊያ አነሳ።

ከጀፕ በዱቤ ዕቃ አምጥተን ያንኑ መስኮት መልሰን ከፈትነው። የድንጋይ ጨዋታን ግን ከዚያ ወዲህ ተጫውተን አናውቅም። ሰልፍ አለ በተባለ ቀን እንዘንጥና ከተማ እንወጣለን። ኋላ ኋላ የሰፈሩ ሰው፣ "ሐበሾቹ ዘንጠዋል፤ ዛሬ አንድ ነገር አለ" ማለት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ተዘርፈናል። አንድም ጊዜ አላገኙንም።

ወንድሜ አሁን ደርባን የራሱ ሱቅ አለው። በስልክ ሲያወራ ያለ ስልክም የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ቀስ በል ብዬው አላውቅም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው።

ትናንት ማምሻውን መብራት ጠፋ። እጄ እንደ ልማዱ ተነሳ። ከወጥ ቤት የእናቴ ድምፅ መጣ።

"የት ናችሁ?"

ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን ከአፌ ላይ አወረድኩት።

"አለን!" አልኳት፣ ጎረቤት እስኪሰማ።