አልማዝ ባለጭራ እና አልጋ ሥር ያለው ሸረሪት

ልጅ እያለሁ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። እማዬ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች፤ የእኔ ልብ ግን ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ከነበረው አፓርትመንታችን ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። እዚያ፣ ዝናብ የነካው ጥድ የሚሸትበት እርጥብ አፈር ውስጥ፣ ሸረሪቶች ጉድጓድ ነበራቸው። ውስጡ በድር የተለበጠ፣ አፉ ላይ እንደ መስኮት መዝጊያ ከግራና ከቀኝ የሚገጥም በር ያለው። ቀን ቀን ዘግተው ይውላሉ። የሳይንስ አስተማሪያችን እንደነገረችን ሴቷ ከቤቷ አትወጣም፤ ወንዱ ግን ዝናቡ ሲጀምር ሴት ፍለጋ ይንከራተታል።

አንዱን ተንከራታች ደረጃችን ላይ አገኘሁትና ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን ለአየር በሳስቼ፣ እኔና እማዬ የምንተኛበት አልጋ ሥር ደበቅኩት።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ወገቧ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። ልብስ ሲነካት እንኳ ታቃስት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገልጠው አዩና «አልማዝ ባለጭራ ነው። ሸረሪት ሸንታብሽ ነው» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ «ወገብ ዞሮ ከገጠመ ይገድላል» አሉ። አልጋ ሥር የደበቅኩት ትዝ አለኝ።

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ዳገቱ ሮጥኩ። «በናትህ፣ እማዬን ተዋት» ብዬ ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። እማዬ ልብስ ስትቀይር ሽፍታው የት እንደደረሰ በዓይኔ እለካለሁ፤ ክፍል ውስጥም ሀሳቤ ወገቧ ላይ ነው።

ሲያትል ክሊኒክ ስንሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ ሳትናገር ቀድሜ ሐኪሟን «ሸረሪት ነው?» አልኳት። አይደለም አለችኝ፤ እማዬ በልጅነቷ የያዛት የጉድፍ በሽታ ሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ሲደክማት ተነስቶባት ነው፤ ትድናለች። ይህን መተርጎም ሲገባኝ ለቅሶ ያዘኝ። እማዬ ልትሞት መሰላት። «ምን አለችሽ? ንገሪኝ እንጂ!» «ትድናለች አለች» ስላት እሷም አለቀሰች። እትዬ ዘነበች ግን ዛሬም «ፈረንጅ ምን ያውቃል» ይላሉ።

ያኔ የምፈራው የሚታይ ነገር ነበር። አሁን እኔ ከሲያትል ወዲያ ኬንት፣ እማዬ እዚያው ሾርላይን ብቻዋን ናት። ኮል አድርጌ ካላነሳች ሥራ ላይ ብሆንም መቆም መቀመጥ ያቅተኛል። ትናንትም ደጋግሜ ደወልኩ። በስንት መከራ አነሳች።

«ሻወር ላይ ነበርኩ። ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ናፍቀሽኝ ነው በያ» አለችኝ እየሳቀች።

«አዎ፣ ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት።