ሰባቱ አንዶች

አባቴ መሪጌታ ዘማርያም ደብረ ኤልያስ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕረ ሐሳብ አስተምረዋል። ዘመኑን እያካፈሉ፣ በሚተርፈው ቁጥር ጾምና በዓል የሚውሉበትን ቀን ያወጡ ነበር። እኛም ልጆቻቸው እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምንላቸው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በተመለስኩበት ዓመት በስኩዌር ደብተር ላይ ሰባት አንድ በተርታ ጻፍኩላቸው፤ 1111111። ከአንድ የሚበልጥ፣ ከ1055 የሚያንስ አንድ ቁጥር ያለ ትርፍ እንደሚያካፍለው መምህራችን ነግሮን ነበር። የትኛው እንደሆነ ግን ረስቼዋለሁ።

«የኔታ፣ ባሕረ ሐሳብዎ ይህን ይፈታል?» አልኳቸው ለማሾፍ።

አይተው ሳቁ። «ሰባት መናንያን ተሰልፈው። እነዚህንማ ማን ይለያያቸዋል?»

ከዓመታት በኋላ እግራቸው ከድቷቸው ማስተማር ሲተዉ ያንን ደብተር አስፈለጉ። ሳልሞት ባውቀው አሉ። ሌላ ቁጥር በማያካፍላቸው ቁጥሮች ብቻ እንዲሞክሩ ነገርኳቸው። በሰባት ሲያካፍሉ አንድ ተረፈ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዐሥር። በሁለት ቀን አንድ ቁጥር ይሞክሩና መልሰው እያባዙ ያረጋግጡ ነበር።

ሰኔ 2016 ከደብረ ማርቆስ ልጠይቃቸው መጣሁ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ የሰው ጽሑፍ ሳይ እጄ ሳላዘው ቀይ እስክሪብቶ ያነሣል። ስደርስ መሽቶ እሳቸው ተኝተው ነበር። ደብተሩን ገለጥኩ። በ239 ያካፈሉበት ገጽ መጨረሻ ላይ «ተረፈ ፪፻፴፱» ይላል። ትርፍ ከአካፋዩ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። በቀይ ሰርዤ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩበት። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አላካፈልኩም። ሳይነቁ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ላይ ዐረፉ። ከአርባቸው በኋላ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከቀዩ መሥመር ወዲህ ሰባ አራት ቁጥር ሞክረዋል፤ የመጨረሻው 701 ነው። በደብተሩ መሐል ለተማሪዎች ዕለት ያወጡበት አሮጌ ወረቀት ነበር። ዘመኑ በሰባት እኩል በተካፈለበት ቦታ ሁሉ «ተረፈ ፯» ብለዋል። ምንም ካልተረፈ አካፋዩ ራሱ እንደ ተረፈ ይቆጠራል፤ ስም የሌለው ዕለት የለምና። ይህንን ከእሳቸው አፍ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ።

ስልኬን አወጣሁ። 239 በ4649 ሲባዛ፣ ሰባት አንድ።

እናቴ ወለተ ሐዋርያት አጠገቤ ልብሳቸውን ታጥፍ ነበር። ቀዩን መሥመር አይተውት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አይተውታል። ሁለት ቀን ደብተሩን አልነኩትም። ኋላ ‘እስከዳር መዝገብ ጠባቂ ናት፤ እሷ ስህተት ካለች ስህተት ነው’ ብለው ቀጠሉ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ለመሆኑ አገኙት?»

«አግኝተውታል።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ። ከዚህ መሥመር በፊት።»

እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብተሩን ተቀብላ ጣቷን በቀዩ ላይ አስኬደች።

«ይህቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ፋቂያት እንግዲህ።»

መዝገብ አይፋቅም። ከሥሯ «ስህተቱ የመርማሪዋ ነው» ብዬ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ።